አቦልን ያየ ሰው የለም

ዳበል በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ በኩል ያለች ደረቅ ቆላ ናት። ስሟ በሩቁ የተሰማው በቅርብ ዓመታት፣ ሂሎ በተባለው ስፍራ ወርቅ ወጣ ተብሎ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሰው ሲጎርፍባት ነው። በ2024 ደም ፈሶ የኬንያ መንግሥት ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ ጉድጓድ ተንዶ ሰው ገደለ። (ዳበል ላይ ስንሆን ዓመቱን እንደ ኬንያ እንቁጠር፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት ብቻ የእኛው ነው።) ስለ ዳበል ሲወራ እንግዲህ ሁሉም ወደ መሬት ነው የሚያየው። እኔ ማታ ላይ ቀና እንድንል ፈልጌ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዳበል የታደለች ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 4 ዲግሪ እንኳ አትርቅም፤ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ለእሷ ክፍት ነው። ለንደን ላይ ጭራሽ የማትወጣው፣ ጎንደር ላይ ከአድማሱ ብዙም ከፍ የማትለው አልፋ ሴንታውሪ፣ ዳበል ላይ በሰኔ ምሽት 25 ዲግሪ ያህል ወጣ ብላ ትታያለች። መብራቱ ጥቂት ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል።

በዓይነታቸው ከፀሐያችን ጋር የሚዛመዱ፣ ለእኛም ቅርብ የሆኑ፣ ያለ መሣሪያ የሚታዩ ሦስት ኮከቦችን ከዚህ ቦታ በጣት መጠቆም ይቻላል። አልፋ ሴንታውሪ 4.3 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ታው ሴቲ 12 ገደማ፤ 82 ኤሪዳኒ የምትባለው 20 ገደማ። ሦስቱም ፕላኔት እንዳላቸው ተጽፎባቸዋል። የሦስቱ ጉዳይ ግን አንድ አይደለም። በአንደኛዋ ዘንድ ፕላኔት ተጠረጠረ፤ በሌላዋ ተገኘ፤ በሦስተኛዋ ተገኘ ከተባለ በኋላ ነገሩ ወደ «እንጃ» ተመለሰ። በአንዳቸውም ዘንድ «ታየ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ዜናው ሁሉንም «ሁለተኛዋ ምድር ተገኘች» በሚል አንድ ርእስ ስለሚያጠቃልላቸው፣ በነዚህ ግሦች መካከል ያለው ርቀት ለአንባቢ ሳይደርስ ይቀራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፕላኔቶቹ ሳይሆኑ ይኸው ርቀት ነው።

ከሦስቱ በፊት የራሳችንን እናንሳ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከመቶ በላይ አገሮች ለአንድ ኮከብና ለአንድ ፕላኔት የመረጧቸውን ስሞች ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኮከብ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ስሟ ቡና ነው። ፕላኔቷ ደግሞ አቦል ተባለች። ስሙን ያወጣው ሰው ወግ ያውቃል፤ አቦል ካለ ቶናና በረካ ይጠበቃሉና፣ ቡናን የምትዞር ሁለተኛ ፕላኔት ብትገኝ ስም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ዳበል ላይም ኮከቧን በስሟ ለመጥራት አስተርጓሚ አያሻም፤ ቡና በዚያ በሚነገረው ቦረንኛም ቡና ነው። አፈላሉ ነው የሚለየው፤ ቦረና ፍሬውን ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠብሰዋል፤ ለምርቃትም ለእርቅም እሱ ይቀርባል።

ኬንያም አልቀረባትም። በ2023 ኦርካሪያ የተባለች ኮከብና ኤናይፖሻ የተባለች ፕላኔት በማሳይ ቋንቋ ተሰይመውላታል። የዳበል ሰው እንግዲህ በዜግነቱ የኤናይፖሻ፣ በጉርብትናው የአቦል ነው።

ቡና ከፀሐያችን በመጠኑ ትከብዳለች፤ 195 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ዛሬ ማታ ከእሷ የሚደርሰን ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው። አቦል ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ነው፤ ኮከቧን አንዴ ለመዞር 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል። መንገዷም ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው፤ አንድ ጊዜ ቡናን ተጠግታ ትጋላለች፣ ሌላ ጊዜ ርቃ ትበርዳለች። የቆመ ሰው የሚሸከም መሬት የላትም፤ ጋዝ ናት።

ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ አቦልን ያየ ሰው ግን የለም። ፎቶ የላትም። በ2009 ግኝቷ ሲታተም ያገኟት ሰዎች ያዩት ቡናን ብቻ ነበር።

እንዴት? ሂሎ ላይ ቆፋሪዎቹ ግንባራቸው ላይ ባትሪ ያስራሉ። ሌሊት ነው እንበል፤ አንዱ ቆፋሪ ውኃ የሞላ ጀሪካን በገመድ አስሮ በራሱ ዙሪያ ያሽከረክራል። አንተ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ነህ። ጀሪካኑ አይታይህም፤ ሰውየውም አይታይህም፤ የምታየው የግንባሩን መብራት ብቻ ነው። ጀሪካኑ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሰውየው ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መብራቱም ትንሽ ክብ እየሠራ ይወዛወዛል። አንድ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜ ከቆጠርክ የገመዱን ርዝመት ትገምታለህ፤ ውዝዋዜው የቱን ያህል እንደሆነ ከለካህ የጀሪካኑን ክብደት ትገምታለህ። ያላየኸውን ነገር መዘንከው ማለት ነው። አቦል ጀሪካኑ ናት፤ ቡና መብራቱ።

ችግሩ ከ195 የብርሃን ዓመት ርቀት ውዝዋዜው ወደ ጎን ሲሆን በቀላሉ አለመታየቱ ነው። የሚለካው ወደ እኛ መቅረቡና ከእኛ መራቁ ነው፤ ለዚህም የረዳው ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚመጣውን አስፋልት ይዞ የቆመ ሁሉ በጆሮው የሚያውቀው ነገር ነው። የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ኮከቧ ወደ እኛ ስትመጣ ብርሃኗ በጣም በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል። ስፔክትሮግራፍ የሚባለው መሣሪያ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ፣ በውስጡ ያሉት ጥቁር መስመሮች ወዴት እንደተንሸራተቱ ይለካል።

ቡና በአቦል ምክንያት በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር እንደሚበር መኪና ነው። ይህ ለመሣሪያው ቀላል ነው። ጁፒተር ፀሐያችንን የሚያወዛውዛት በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ነው። ምድር ስንት የምታወዛውዛት ይመስልሃል? በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር። ከኤሊ አካሄድ ብዙም አይበልጥም። ከ20 የብርሃን ዓመት ማዶ በምትፈላ የእሳት ኳስ ላይ የኤሊን አካሄድ ለይተህ አውጣ ነው ነገሩ።

የምትፈላ ያልኩት ለማዳመቅ አይደለም። የኮከብ ገጽ ድስት ላይ እንዳለ ገንፎ ነው፤ እዚህ ይነፋል፣ እዚያ ይሰምጣል፣ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ በራሱ ዛቢያም ይዞራል። ይህ ብቻውን በመስመሮቹ ላይ በሰከንድ ሜትር የሚደርስ ነውጥ ይፈጥራል። እንደ ምድር ያለች ፕላኔት የምታመጣው ምልክት ከዚያ ነውጥ ከአሥር አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የወርቅ ፈላጊ ኑሮ ነው፤ አንድ ቅንጣት ለማግኘት ስንት ገበታ አፈር ይታጠባል። አጣቢው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አለመሆኑን ያውቃል።

እዚህ ላይ ወደ ቦረና መዞር አለብኝ፤ ጉዳዩ ከእነሱ ዘንድ አዲስ አይደለምና። አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች አሏቸው። በአማርኛ «ኮከብ ቆጣሪ» ብንላቸው ጠንቋይ ማለት ይመስልብናል፤ ቃሉን ቃል በቃል ከወሰድነው ግን ሥራቸው ያው ነው፤ ይቆጥራሉ። ወሩ የጨረቃ ወር ነው፣ 29 ወይም 30 ቀን፤ ለቀኖቹ ያሉት ስሞች ግን 27 ናቸው፤ ስለዚህ የቀኑ ስም ከወሩ ጋር ሳይገጥም እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዓመቱ 12 ወር ነው። ከወሮቹ ግማሾቹ የሚታወቁት ጨረቃ ከተወሰኑ ኮከቦች ጋር ስትገናኝ ነው፤ ለሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አርብ ጋዱ፣ በሳ እያሉ ይጠሯቸዋል። ቡሳን እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያዘው በቃል ነው፣ ያለ ወረቀት። በዝርዝር ጽፎ ለዓለም ያደረሰው የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ አስመሮም ለገሰ ነው፤ ስለ ገዳ ሥርዓት ያሳተመው መጽሐፍ በ1973 ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ የተሠራ ይመስላል። ላውረንስ ዶይል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሰው ይህን አቆጣጠር ወስዶ ሒሳቡን ሠራ፤ አንዳንዶቹ ኮከቦች ከጨረቃ መንገድ የራቁ ናቸውና «መገናኘት» ማለት ጎን ለጎን መሆን ሳይሆን በአድማሱ ላይ ከአንድ ቦታ መውጣት መሆን አለበት ሲል በ1986 ጻፈ። ሁሉም አልተቀበለውም፤ በአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ክርክር ተነሳበት። ይኸው ዶይል በ2011 ኬፕለር የተባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ፀሐይ የምትዞር ፕላኔት መገኘቷን ያበሰረውን ቡድን መራ። የቦረናን ወራት ሲያሰላ የነበረው ሰው ከ25 ዓመት በኋላ የሌላ ፀሐይን ፕላኔት ሲያሰላ ተገኘ። እኔ ይህን እንደ አጋጣሚ ብቻ አላየውም። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዴ ማየት ምንም አይደለም፤ ተመልሶ መምጣቱን ጠብቆ፣ እንደገና ጠብቆ፣ ቆጠራው ሳይዛነፍ ሲቀር ነው ዑደት አለ የሚባለው።

የ82 ኤሪዳኒ ታሪክ ይህን ያሳያል። በ2011 የስዊስ ቡድን ሦስት ፕላኔት አላት አለ፤ አንዷ በ18 ቀን፣ አንዷ በ40 ቀን፣ አንዷ በ90 ቀን የሚዞሩ። መረጃው የመጣው ቺሊ ውስጥ ላ ሲያ ተራራ ላይ ካለው ሃርፕስ ከተባለው ስፔክትሮግራፍ ነው። መረጃው እየበዛ ሲሄድ የ18ቷና የ90ዋ ጸኑ (የኋለኛዋ ወደ 89 ተስተካከለች)፣ የ40ዋ ግን ሟሟች። ስታብለጨልጭ የነበረች ድንጋይ ነበረች ማለት ነው። ማንም አላፈረበትም፤ አጣቢው ገበታውን አራግፎ ቀጠለ።

በ2022 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማይክል ክሬቲኒዬ የሃርፕስን መዝገብ ሲያጣራ ሌላ ዘገምተኛ ምልክት አየበት፤ ወደ 650 ቀን የሚጠጋ ዑደት። በዚያን ጊዜ ተጠርጣሪ ነበረች እንጂ ፕላኔት አልተባለችም። የሃርፕስ የሃያ ዓመት መዝገብ ኤስፕሬሶ ከተባለው አዲስና ይበልጥ ስል መሣሪያ መዝገብ ጋር ተጣምሮ ሲታይ በጥር 2025 ተረጋገጠች። ዙሯ 647 ቀን፤ ክብደቷ ቢያንስ ከምድር 6 እጥፍ ገደማ፤ ኮከቧን የምታወዛውዛት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብቻ፣ ሽማግሌ በምርኩዝ ቀስ ብሎ እንደሚራመደው። የመሣሪያው ስም ኤስፕሬሶ መሆኑ ከቡናችን ጋር ዝምድና የለውም፤ የረጅም እንግሊዝኛ ስም ምሕጻር ነው። አቦል እያለች ኤስፕሬሶ መባሉ ግን ትንሽ ቆርቁሮኛል።

ዜናው ይህችን ፕላኔት «ሕይወት ሊኖርባት የሚችል» ብሎ አቀረባት። ያላነበበው ክፍል ይህ ነው፤ መንገዷ በጣም የተለጠጠ ነው። በሥርዓተ ፀሐያችን ብናስቀምጣት አንድ ጊዜ ቬነስ ያለችበት ርቀት ላይ ትደርሳለች፣ መልሳ ከማርስ አልፋ ትወጣለች። ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይበት በሚችለው ቀበቶ ውስጥ ትገባለች፤ አትቆይም፤ ትወጣለች። በዚያ ላይ ከምድር 6 እጥፍ የምትከብድ ፕላኔት ዐለት ትሁን ወይስ እንደ ኔፕቱን በወፍራም ጋዝ የተሸፈነች፣ ውዝዋዜ ብቻውን አይነግረንም። እውነት ለመናገር ትልቁ ዜና ፕላኔቷ አይደለችም፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሆነ ነገርን ሃያ ዓመት ተከታትሎ ማመን መቻሉ ነው።

«ቢያንስ» ያልኩትን ቃል ታው ሴቲ ታብራራዋለች። ወደ ቆፋሪያችን እንመለስ። ከኮረብታው ይልቅ በአውሮፕላን በአናቱ ላይ ብታልፍ መብራቱ ክብ ሲሠራ ይታይሃል እንጂ ወደ አንተ አይቀርብም፣ አይርቅም። ስፔክትሮግራፉ ደግሞ የሚለካው መቅረብና መራቅን ብቻ ነው። ሰያፍ ሆኖ ሲታይ ውዝዋዜው በከፊል ብቻ ይመዘገባል፤ ጀሪካኑም ከእውነተኛ ክብደቱ ቀልሎ ይገመታል። በታው ሴቲ ዙሪያ በ2012 አምስት፣ በ2017 አራት ፕላኔት ተባለ፤ ሁሉም በነውጡ ዳር ላይ ያሉ ደካማ ምልክቶች ነበሩ። በ2023 የታተመ ልኬት ኮከቧ ዋልታዋን ወደ እኛ አዙራ የቆመች መሆኗን አመለከተ፤ እኛ በአናቷ ላይ ነን ማለት ነው። ፕላኔቶች ካሏትና በወገቧ ትይዩ የሚዞሩ ከሆነ፣ ከምድር ጥቂት እጥፍ የተባሉት በእውነቱ ብዙ እጥፍ ይከብዳሉ። ከዚያ ወዲህ በተሻለ መሣሪያ የተደረገው ክትትልም ሊያጸናቸው አልቻለም። ታው ሴቲ በ1960 ፍራንክ ድሬክ ከሌላ ዓለም ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ብሎ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ካዳመጣቸው ሁለት ኮከቦች አንዷ ናት። ስልሳ ዓመት አልፎ ስንት ልጅ እንዳላት እንኳ አልተስማማንም።

አልፋ ሴንታውሪ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሁለቱ ደማቅ አባሎቿ አንዷ፣ ኤ የምትባለው፣ የፀሐያችን መንትያ ናት ማለት ይቻላል። በነሐሴ 2024 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በአጠገቧ አንድ ደብዛዛ ነጥብ አነሳ፤ ከሆነች ክብደቷ ሳተርንን የሚያህል የጋዝ ፕላኔት ናት። በ2025 ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሲያይ አጣት። ምናልባት በመንገዷ ወደ ኮከቧ ተጠግታ ተሰውራ ይሆናል። ተጠርጣሪ ናት፤ እዚያው ትቆይ።

«ታዲያ ሌሎች ፕላኔቶች በሺዎች ተገኙ የሚባለው እንዴት ነው?» ይል ይሆናል አንባቢ። አብዛኞቹ የተገኙት በሌላ ዘዴ ነው፤ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኗን በጥቂቱ ስትቀንሰው። በሰኔ 2012 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በምሥራቅ አፍሪካ ጀምበር የወጣችው ጥቁር ነጥብ ይዛ ነው። ዘዴው ግን ፕላኔቷ በትክክል በመካከላችን ማለፍ አለባት ይላል። ከሩቅ ሆኖ ምድርን በዚህ መንገድ ሊያይ ከሚሞክር ከ200 ተመልካች ዕድሉ የሚደርሰው ለአንዱ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ብቻ። የኬንያዋ ኤናይፖሻ ለዚህ የተመቸች ናት። ኮከቧ ከፀሐይ በጣም የምታንስ ቀይ ድንክ ስትሆን ኤናይፖሻ በ38 ሰዓት አንዴ ትዞራታለች፤ በየአንድ ቀን ተኩሉ በፊቷ ታልፋለች። ስለዚህም ጄምስ ዌብ ሙሉ ዙሯን ሊከታተል፣ በወፍራም ጭጋግ የተሸፈነች መሆኗንም ሊያይ ቻለ። እሷም አቦልም በ2009 ነው የተገኙት፤ አቦል አንድ ዙር እስክትጨርስ ኤናይፖሻ ከ600 ጊዜ በላይ ትዞራለች። «ምድርን የምትመስል ቅርብ ፕላኔት» ተብለው በየጊዜው የሚነገሩት በብዛት ከቀይ ድንኮች ዘንድ የሆኑት ለዚህ ነው። እነሱ በብዛት ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ ማግኘቱ ይቀላል። ፀሐይን የሚመስሉ ኮከቦች ዕድሜ ይጠይቃሉ።

በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚለካው ሥራ ከነሱ አይጠበቅም። በፊት የሚያልፉትን መከታተል ግን በዚያ ልክ ባሉ መሣሪያዎች በሌላው ዓለም የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚፈልገው ሰውና ጥርት ያለ ሌሊት ነው።

ዳበል ላይ የሚሆን ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይውጣ። (እዚያ ሰዓት ማስተካከል የለበትም፤ ስዋሒሊም እንደ አማርኛ «ሦስት ሰዓት» ነው የሚለው።) ቡሳን ከራሱ በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘንበል ብለው ናቸው፤ በከልቻ ይከተላቸዋል። ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ቡና በዚያ ሰዓት ገደማ ከመንገዷ ከፍተኛውን ቦታ ትይዛለች፤ በዓይን አትታይም፣ በተራ ባይኖኩላር ትገኛለች። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ደቡብ ቢዞር 82 ኤሪዳኒ በዓይን ትታያለች፣ ደብዘዝ ያለች፣ ተራ የምትመስል። ከላይዋ ትንሽ ወደ ምዕራብ ታው ሴቲ አለች።

አቦል ስሟን ካገኘች ወዲህ ሁለት ዙር ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። በረካ ላይ ናት።